ክርክሩ ከሞተሩ ወደ ነጂው ይሻገር

የሞተር ብስክሌት ወዳጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ ክርክር አይታጣም። ማታ ማታ ከጋራዥ ደጃፍና ከሻይ ቤት በረንዳ፣ እሑድ ከቀትር በኋላም ከጦር ሰፈሩ ክበብ፣ አንዱ የጣሊያኑን ሲያወድስ ሌላው የጃፓኑን ያነሣል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከጀርመኑ ወዲያ ሞተር አልተሠራም ብሎ ይምላል። እኛም ይህን ክርክር ብዙ ጊዜ በደስታ አዳምጠናል፤ አልፎ አልፎም ገብተንበታል። ነገር ግን ባዳመጥን ቁጥር አንድ ጉድለት ታዝበናል። ስለ ሲሊንደሩ ብዛት፣ ስለ ማርሚታው ድምፅና ስለ ቀለሙ ብዙ ሲባል፣ በሞተሩ ላይ ስለሚቀመጠው ሰው የአነዳድ ችሎታ፣ ስለ ፍሬን አያያዙና ስለ ራሱ መከላከያ የሚባለው እጅግ ጥቂት ነው። አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብለዋል። በዚህ ጽሑፍ ለማስገንዘብ የምንፈልገውም ክርክሩ ከሞተሩ ወደ ነጂው መሻገር እንዳለበት ነው።

በመሠረቱ የሞተር ወዳጆች ክርክር የሚናቅ አይደለም። እያንዳንዱ ሞተር የሠሪውን አሳብና የተሠራበትን ዘመን ችግር ይዞ የተወለደ ነውና። ቬስፓን እንመልከት። ፒያጆ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1946 ለገበያ ሲያወጣው፣ ንድፉን የሠራው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የተባለ የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነበር። ይህ ሰው የዘመኑን ሞተር ብስክሌት አይወደውም ነበር። ስለሆነም ኃይል የሚሰጠውን ክፍል ከኋላ ጎማ አጠገብ በቆርቆሮ ሸሸገው፤ ልብስ የሚያቆሽሸውን ካቴና አስቀረ፤ የፊቱንም ጎማ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ እግር በአንድ ወገን ብቻ አያያዘው። ሞቶ ጉዚም እ.ኤ.አ. በ1921 የተቋቋመው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጣሊያን ጦር የአየር ክፍል በተዋወቁ ባልንጀሮች ነው። በአርማው ላይ ክንፉን ዘርግቶ የሚታየው ንስር፣ ከጦርነቱ በኋላ በአውሮፕላን አደጋ ለሞተው ለሦስተኛው ባልንጀራቸው ለጆቫኒ ራቬሊ መታሰቢያ ነው።

የጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብልዩ እ.ኤ.አ. በ1923 ባወጣው አር 32 በተባለው ሞተር ሁለቱን ሲሊንደሮች ነፋስ እንዲያገኙ ግራና ቀኝ አጋደማቸው፤ ኃይሉንም በካቴና ፈንታ በብረት ዘንግ ወደ ኋላ ጎማ አስተላለፈ። የሶቪየት ኅብረት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ኤም 72 የተባለውን ባለ ጋሪ የጦር ሞተር የሠራችው የዚህኑ ኩባንያ አር 71 መነሻ አድርጋ ነው። ፋብሪካውም ከጦርነቱ ሸሽቶ በኡራል ተራሮች አካባቢ ወደምትገኘው ወደ ኢርቢት ተዛወረ፤ «ኡራል» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። የጃፓኑ ሆንዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ሱፐር ከብ የተባለውን አነስተኛ ሞተር አወጣ፤ ከዚህም ዓይነት እስከ 2017 ድረስ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። በእኛም ዘንድ የታሪኩ አሻራ ከአንደበታችን አልጠፋም፤ በየጋራዡ የምንሰማቸው ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ካቴናና ማርሚታ ሁሉ ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ቃላት ናቸው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ማወቅ መልካም ነው። ይሁን እንጂ የሲሊንደሩን ስፋት በኩብ ሴንቲ ሜትር አስልቶ የሚናገር ተከራካሪ፣ ሞተሩ በምን ዓይነት ሁኔታ እንደሚታጠፍ ቢጠየቅ ትክክለኛውን መልስ ላይሰጥ ይችላል። ይህም አዲስ ነገር አይደለም። አውሮፕላንን የፈለሰፉት ወንድማማቾቹ ራይቶች አስቀድሞ ብስክሌት ሠሪዎች ነበሩ። ዊልበር ራይት ብዙ ብስክሌት ነጂዎችን «ወደ ግራ ስትታጠፉ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ጠይቆ፣ በመጀመሪያው ጥያቄ ነገሩን አሟልቶ የነገረው አንድም ሰው እንዳላገኘ ተናግሯል። ሰው ሁሉ መሪውን ወደ ግራ እንደሚያዞር ያምናል። እውነቱ ግን እንደዚህ ነው፦ ነጂው ሳያውቀው መሪውን ለቅጽበት ወደ ቀኝ ይገፋል፤ ጎማው ከሥሩ ወደ ቀኝ ሲሸሽ አካሉ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ከዚህ በኋላ ብቻ መሪው ወደ ግራ ዞሮ መታጠፊያውን ይከተላል።

ይህ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ሞተር ከእግረኛ ርምጃ በላይ በሚፈጥንበት ጊዜ ወደ ቀኝ ለመሸሽ የሚፈልግ ነጂ የቀኙን እጀታ ወደ ፊት መግፋት አለበት። ይህን ያልተለማመደ ሰው፣ ሕፃን ልጅ ወይም አህያ በድንገት ከግራው ብቅ ሲልበት፣ ተደናግጦ መሪውን በኃይል ወደ ቀኝ ቢጠመዝዝ፣ ሞተሩ የሚያጋድለው ወደ ግራ፣ ይኸውም ወደሸሸው ነገር ነው። እጅ በሰላም ጊዜ ሳያውቅ የሚሠራውን፣ በጭንቅ ጊዜ እንዲሠራው አስቀድሞ ዐውቆ መለማመድ ያስፈልጋል።

የፍሬኑም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ብዙ ሰው የፊት ፍሬን ይገለብጣል ብሎ ስለሚፈራ የኋላውን ብቻ ይረግጣል። ነገር ግን አውቶቡስ በድንገት ሲቆም ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት እንደሚጣል ሁሉ፣ ሞተርም ፍጥነቱን ሲቀንስ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ይጫናል። የፊቱ ጎማ መሬቱን አጥብቆ ሲይዝ የኋላው ይቀልላል፤ የቀለለ ጎማ ደግሞ በእግር ኃይል ሲረገጥ መዞሩን ያቆምና ይንሸራተታል። ስለዚህ በደረቅ አስፋልት ላይ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው፤ አያያዙም በአንድ ጊዜ መጨበጥ ሳይሆን እየጨመሩ መጭመቅ ነው። በኮረት፣ በጭቃና በመታጠፊያ ላይ ጥንቃቄው ይበልጥ መጨመር አለበት። በተጨማሪም ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን መዘንጋት የለበትም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተር፣ የነጂው እጅ ፍሬኑን ሳይነካ ገና በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል።

ይህ የእኛ አስተያየት ብቻ አይደለም። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሃሪ ኸርት የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሞተር ብስክሌት አደጋዎችን በየቦታው ተገኝቶ መርምሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1981 አቅርቧል። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶ የሚሆኑት አነዳድን የተማሩት በራሳቸው ወይም ከዘመድ ወዳጅ ነበር። በጭንቁ ሰዓት አብዛኞቹ የኋላውን ፍሬን ከመጠን በላይ ረግጠው ተንሸራተዋል፤ የፊቱን በሚገባ አልተጠቀሙበትም፤ መሪውን ገፍቶ የመሸሽ ችሎታ ደግሞ ከናካቴው አልታየባቸውም ለማለት ይቻላል። አደጋውን ለማምለጥ የነበራቸው ጊዜም ከሁለት ሴኮንድ ያነሰ ነበር። በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ሰው የለመደውን ይሠራል እንጂ አዲስ ነገር አይማርም። የሞተሩ ስምና ዋጋም በዚያች ቅጽበት አያድነውም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ጉዳይ እንለፍ። የዐረቢያው ሎውረንስ በመባል የሚታወቀው እንግሊዛዊው ኮሎኔል ቲ.ኢ. ሎውረንስ በሕይወቱ ከማንኛውም ንብረቱ አብልጦ የሚወደው ሞተሩን ነበር። ብራፍ ሱፔሪየር የተባለውን፣ በዚያን ዘመን ከሁሉ የላቀ ይባል የነበረውን ሞተር እየለዋወጠ ሰባት ጊዜ ገዝቷል። ሞተሩን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትርም ነድቶታል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 1935 በደቡብ እንግሊዝ በምትገኘው መኖሪያው አጠገብ ሲነዳ፣ በብስክሌት የሚጓዙ ሁለት ልጆችን ለማዳን መንገዱን ስቶ ወደቀ። የራስ ቁር አልደፋም ነበር። ከስድስት ቀን በኋላ በ46 ዓመቱ ሞተ። እነሆ፣ የሞተሩም ጥራት የነጂውም ልምድ የራስ ቅልን ከመሬት ጋር ከመጋጨት አላዳኑም።

ሎውረንስን ለማዳን ከደከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂው ኬርንስ የተባለ የአንጎል ቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር። ይህ ሐኪም ነገሩን በኀዘን ብቻ አላለፈውም። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ 21 ወራት ውስጥ በብሪታንያ መንገዶች 2,279 ሞተር ነጂዎችና ከኋላቸው የተፈናጠጡ ሰዎች መሞታቸውን እ.ኤ.አ. በ1941 ባሳተመው ጥናት ገለጸ። ብዙዎቹ መልእክት የሚያደርሱ ወታደሮች ነበሩ፤ የአየር ድብደባን በመፍራት መብራት በጠፋበት ጨለማ ውስጥ ይነዱ ነበር። ቁር ደፍተው ሳለ አደጋ ደርሶባቸው ሐኪሙ ያያቸው ሰባት ብቻ ነበሩ፤ ሰባቱም ከሞት ተርፈዋል። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የብሪታንያ ጦር ማንኛውም ወታደር በሥራ ላይ ሞተር ሲነዳ ቁር እንዲደፋ አዘዘ። ለሲቪሉ ሕዝብ ግን ሕጉ የወጣው ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ሠራዊቱ ትምህርቱን በደም ገዝቶ ቀደመ፤ ከተማው ዘግይቶ ተከተለ።

በዚህ ረገድ የሠራዊቱ አባላት የሆናችሁ አንባብያን ልትመልሱልን የሚገባ አንድ ጥያቄ አለን። ከምሽግ ራሱን ቀና ለማድረግ የብረት ቁሩን የሚያጠብቅ ወታደር፣ በፈቃዱ ቀን በሞተር ወደ ከተማ ሲወርድ ራሱን ባዶ የሚያደርገው ስለ ምንድን ነው? አስፋልቱ ከጥይት ፍንጣሪ የሚለሰልስ ስለ መሰለው ይሆን?

እርግጥ ነው፣ ተቃራኒውን የሚሉ አሉ፤ ምክንያታቸውንም እናውቃለን። ቁር ያሞቃል፣ ጆሮ ይደፍናል፣ የዓይንን እይታ ይጋርዳል ይላሉ። ሙቀቱን እኛም አንክድም። ከላይ የጠቀስነው የ1981 ጥናት ግን ቁሩ የመንገዱን አስፈላጊ ድምፅ ለመስማትም ሆነ አደጋን ለማየት እንቅፋት ሆኖ እንዳልተገኘ አረጋግጧል። ሌሎች ደግሞ «ለአጭር መንገድ ምን አስፈለገ?» ይላሉ። ይኸው ጥናት አብዛኛው አደጋ የደረሰው በአጭር ጉዞ፣ ከተነሡበት ቦታ ብዙም ሳይርቁ መሆኑን አሳይቷል፤ የግጭቱም ፍጥነት በአማካይ ቢታይ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ይህ በማንኛውም የከተማ መንገድ ዘወትር የምናየው ፍጥነት ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ተጠቃለው ሲመዘኑ፣ ቁር የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ቅል ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ታውቋል። የዋጋውን ነገር ስናነሣ፣ ለሞተሩ ጌጥና ለማርሚታው ድምፅ ገንዘብ ያላጣ ሰው ለራሱ ሲሆን አጣሁ ቢል የሚያምነው አይኖርም።

ሞተር ብስክሌት ዛሬ የጥቂት ወዳጆች መዝናኛ ብቻ አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች፣ በኬንያና በዩጋንዳ ወሰን ላይ በብስክሌት ተጀምሮ ቦዳ ቦዳ በተባለው አገልግሎት፣ ቁጥር ስፍር የሌለው ሕዝብ በሞተር ይጓጓዛል። እናት ከሕፃኗ ጋር ከኋላ ትፈናጠጣለች፤ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ሕመምተኛው ሁሉ ሕይወቱን ለማያውቀው ነጂ እጅ ይሰጣል። ስለሆነም የነጂው ችሎታ የነጂው ብቻ ጉዳይ ሆኖ ሊቀር አይችልም።

ከዚህ በመነሣት የሚከተለውን እናሳስባለን። የሞተር ወዳጆች በሳምንት አንድ ቀን ክርክራቸውን ይዘው ወደ ሜዳ ይውጡ፤ በሰዓት 30 ከዚያም 40 ኪሎ ሜትር እየነዱ፣ የፊቱንና የኋላውን ፍሬን አስተባብረው በስንት ሜትር እንደሚቆሙ ይለኩ፤ እጀታውን ገፍቶ መሸሽንም ይለማመዱ። የማን ሞተር ይበልጣል የሚለው ጥያቄ በዚያ ሜዳ ይልቅ እውነተኛ መልስ ያገኛል። የክፍል አዛዦች የወታደሩን ጠመንጃ እንደሚፈትሹ ሁሉ የሞተረኛውን ቁርና ማሰሪያውን ይፈትሹ፤ ያልታሰረ ቁር ከራስ ቀድሞ ይወድቃልና። አንድ ጊዜ በብርቱ የተጋጨ ቁር፣ ውጪው ደህና ቢመስልም የውስጡ ስፖንጅ ስለሚሰባበር መለወጥ እንዳለበት መካኒኮች ለደንበኞቻቸው ይንገሩ። ከኋላ የሚፈናጠጥ የከተማ ነዋሪም ያለ ቁር አልሳፈርም ማለትን ይልመድ።

የመኪና ነጂዎችንም ሳናነሣ አናልፍም። በተጠቀሰው ጥናት ሞተር ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከተጋጨባቸው አደጋዎች ሁለት ሦስተኛው የደረሱት፣ ሌላው ነጂ የሞተረኛውን ቅድሚያ ስለ ጣሰ ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ጊዜ መመልከት ምንም አያስከፍልም። ሞተረኛውም በቀን ብርሃን ቢሆን የፊት መብራቱን አብርቶ ቢነዳ ራሱን በይበልጥ ያሳያል።

የጣሊያኑ ይበልጣል፣ የጃፓኑ ይበልጣል የሚለውን ክርክር ነገም እንደምንሰማው እናውቃለን፤ ባንሰማው ቅር ይለናል። የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ክርክሩ ሲያበቃና ሞተሮቹ ሲነሡ፣ ያሸነፈውም የተሸነፈውም በደኅና ወደየቤቱ ይግባ፤ በሚቀጥለው እሑድ ክርክሩን የሚቀጥሉት እነርሱ ናቸውና።