በመሳቢያ የተረሱ ኮምፒውተሮች፦ ያገለገሉ ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተሮችን በአቅም ስለ ማግኘት

ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር የሚባለው ፕሮሰሰሩ፣ ሚሞሪውና ማገናኛዎቹ ሁሉ መዳፍ በምታህል ሰሌዳ ላይ ተሟልተው የተሠሩለት አነስተኛ ኮምፒውተር ነው። ከዚህ ወገን ይበልጥ የታወቀው ራስፕቤሪ ፓይ በየካቲት 2012 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 35 ዶላር ነበር። የመሥራቾቹ ሐሳብ ወጣቶች እየነካኩ የሚማሩበት፣ ቢበላሽ እንኳ የማያስደነግጥ ኮምፒውተር በእጃቸው እንዲገባ ማድረግ ነበር። መሣሪያው ከመማሪያነት አልፎ በቤተ ሙከራዎችና በትርፍ ጊዜ ፈጠራ ላይ በተሰማሩ ሰዎች ዘንድ የተስፋፋውም ከብቃቱ ባልተናነሰ በዋጋው ምክንያት ነው።

ይህ የዋጋ መሠረት ግን ባለፉት ዓመታት ተናግቷል። በዓለም አቀፉ የቺፕ እጥረት ሳቢያ አምራቹ በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. የአንዱን ሞዴል ዋጋ ከ35 ወደ 45 ዶላር ከፍ አደረገ። እስከ 2023 ድረስም ሰሌዳው በመደበኛ ሻጮች ዘንድ በቀላሉ የማይገኝ፣ በአትራፊ ነጋዴ እጅ ግን ከተተመነለት በላይ የሚሸጥ ዕቃ ሆኖ ከረመ። በ2023 የወጣው የአምስተኛው ትውልድ ባለ 4 ጊጋባይት ሰሌዳ ዋጋው ከ60 ዶላር ጀመረ። በኢትዮጵያ ደግሞ የምንዛሪ ለውጥ ተጨመረበት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ማሻሻያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሲመነዘር የ35 ዶላር ሰሌዳ 2,000 ብር ያህል ነበር፤ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላሩ በጥቂት ጊዜ ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ ያው ሰሌዳ ከ3,500 ብር በላይ ሆነ። ይህ ስሌት ማጓጓዣን፣ ቀረጥን፣ አዳፕተርንና ሚሞሪ ካርድን አይጨምርም።

ዋጋው ከተማሪው አቅም ሲያልፍ አስቀድሞ የሚጎዳው የመመረቂያ ጽሑፉ አይደለም፤ ለእርሱ አነሰም በዛ በጀት ይፈለግለታል። የሚቀረው ማንም ያላዘዘው፣ ውጤትም የማይሰጥበት የትርፍ ጊዜ ሙከራ ነው። ይሁን እንጂ የተመራማሪ እጅ የሚፍታታው በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ነው። የመስኖ ውኃን የሚቆጣጠር ሴንሰር በሲሙሌሽን ሲሠራ መብራት አይጠፋም፣ ሽቦ አይላላም፣ ዝናብም ሣጥኑ ውስጥ አይገባም። እነዚህን ሁሉ የሚያስተምረው እውነተኛው ሰሌዳ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ሰሌዳን በአቅም የማግኘት ጉዳይ እንደ ጨዋታ ተቆጥሮ ሊናቅ አይገባውም፤ ሙከራ ማድረግ የሚችለው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ የሚወስን ነውና።

በዚህ ረገድ ሁለት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። የመጀመሪያው ያገለገለ ሰሌዳ የሚመዘነው በተጠየቀበት ዋጋ ሳይሆን በቀረው የአገልግሎት ዘመን መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለተማሪ የሚቀርበው የያገለገሉ ሰሌዳዎች ምንጭ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውጭ ያለው ገበያ ሳይሆን የትምህርት ክፍሎች መሳቢያ መሆኑ ነው።

የሰሌዳን ዕድሜ ከአካሉ ይልቅ የሚወስነው ሶፍትዌሩ ነው። ለምሳሌ ኤንቪዲያ በ2019 እ.ኤ.አ. በ99 ዶላር ያቀረበው ጄትሰን ናኖ ለማሽን ለርኒንግ የታሰበ በመሆኑ፣ ያገለገለው በዝቅተኛ ዋጋ ሲገኝ ያጓጓል። ነገር ግን አምራቹ ለዚህ ሰሌዳ ያወጣው የመጨረሻው የሶፍትዌር ጥቅል የተመሠረተው በኡቡንቱ 18.04 ላይ ነው፤ የዚህ ስርዓተ ክወና መደበኛ ድጋፍም በ2023 አብቅቷል። አብሮት የሚመጣው ፓይተን 3.6 ስለሆነ አዳዲሶቹ የማሽን ለርኒንግ ላይብረሪዎች እንዳሉ አይጫኑበትም። ርካሽ መስሎት የገዛው ተማሪ ሳምንታቱን የሚያሳልፈው ከምርምሩ ጋር ሳይሆን ከሶፍትዌር ጭነት ጋር በመታገል ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ራስፕቤሪ ፓይም ፕሮሰሰሩ የቆየ ስሪት በመሆኑ ከአምራቹ ስርዓተ ክወና ሌላ ብዙዎቹ አይሠሩበትም። በአንጻሩ በ2016 የወጣው ሦስተኛው ትውልድ 64 ቢት ፕሮሰሰርና ዋይፋይ ስላለው፣ ሚሞሪው 1 ጊጋባይት ብቻ ቢሆንም፣ የሴንሰር መረጃ ለመሰብሰብና አነስተኛ ሰርቨር ለማንቀሳቀስ ይበቃል። ስለሆነም ገዢው ከሻጩ ጋር ዋጋ ከመከራከሩ በፊት ሞዴሉ ዛሬ በየትኛው ስርዓተ ክወና እንደሚሠራ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ፍተሻ ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ገዢው የራሱን አዳፕተርና አስቀድሞ ያዘጋጀውን ሚሞሪ ካርድ ይዞ ቢሄድ የሰሌዳውን ጤንነት ከአዳፕተሩና ከካርዱ ጉድለት ለይቶ ማየት ይችላል። ሦስተኛው ትውልድ 5 ቮልት በ2.5 አምፔር፣ አራተኛው ደግሞ በ3 አምፔር የሚሰጥ አዳፕተር ይሻል፤ ከዚህ ያነሰ የስልክ ቻርጀር ሲሰካበት በስክሪኑ ጥግ ላይ የመብረቅ ምልክት ይታያል። ብዙ ጊዜ «ተበላሽቷል» ተብሎ የሚጣል ሰሌዳ ችግሩ ይኸው የኃይል ማነስ ይሆናል። በተቃራኒው ደህና መስሎ የሚነሣ ሰሌዳ የተቃጠለ ፒን ሊኖረው ይችላል። የራስፕቤሪ ፓይ ፒኖች የሚችሉት 3.3 ቮልት ብቻ ስለሆነ፣ የቀድሞው ባለቤት 5 ቮልት የሚሰጥ ሴንሰር በቀጥታ አገናኝቶባቸው ከሆነ ጉዳቱ የሚታወቀው እያንዳንዱ ፒን ሲፈተሽ ነው። ከሰሌዳው ጋር የሚሰጠው አሮጌ ካርድም በተደጋጋሚ በመጻፍ ያለቀ ሊሆን ስለሚችል በእርሱ ላይ ተማምኖ መረጃ መሰብሰብ አይገባም።

ሌላው ጥያቄ ሥራው በእርግጥ ሰሌዳ ይፈልጋል ወይ የሚለው ነው። የታቀደው ሥራ አነስተኛ ድረ ገጽ ማስተናገድ ወይም መረጃ ማከማቸት ከሆነ ከቢሮ የተሰናበተ ዴስክቶፕ ይበልጥ ይጠቅማል። ሴንሰር ማንበብ ካስፈለገም እንደ አርዱኢኖ ያለ ማይክሮኮንትሮለር በዩኤስቢ ገመድ ከአሮጌ ላፕቶፕ ጋር ማገናኘት ይቻላል። ሰሌዳው የግድ የሚሆነው አነስተኛነቱና አነስተኛ የኃይል ፍጆታው ለሥራው ወሳኝ ሲሆኑ ነው።

ከገበያው ይልቅ ትኩረት የሚሻው ግን የዩኒቨርሲቲው የራሱ ይዞታ ነው። በምርምር በጀት ያገለገለ ዕቃ መግዛት አስቸጋሪ ነው፤ ግለሰብ ሻጭ ፕሮፎርማም ሆነ ሕጋዊ ደረሰኝ አይሰጥም፣ ያለ ደረሰኝ የወጣ ገንዘብም አይወራረድም። በዚህ ምክንያት ለአንድ ጥናት አዲስ ሰሌዳ ይገዛል፤ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋል፤ ጥናቱ ሲያበቃም መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። በስሙ ወጪ የተደረገበት መምህር ቢጠፋ ተጠያቂ ስለሚሆን ለሌላ ተማሪ ለማዋስ አይደፍርም። የሚቀጥለው ተማሪ ደግሞ በአጠገቡ ያለውን ስለማያውቅ ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ይጠብቃል። ሰሌዳው የሶፍትዌር ዘመኑን በመሳቢያ ውስጥ ይጨርሳል፤ በመጨረሻም ከተሰባበሩ ወንበሮች ጋር ለጨረታ ይወጣል። ንብረቱን ከመጥፋት ለመጠበቅ የተዘረጋው አሠራር ከጥቅም ውጭ የሚያደርገው እንዲህ ነው።

መፍትሔው አዲስ በጀት አይጠይቅም። ተማሪ ሲመረቅ በሚሞላው የክሊራንስ ቅጽ ላይ የተመለሰውን ሰሌዳ ሞዴል፣ ያለበትን ጉድለትና መጨረሻ የሠራበትን ስርዓተ ክወና የሚገልጽ አንድ መስመር መጨመር ይበቃል። የተመለሱት ሰሌዳዎች በአንድ የቤተ ሙከራ ባለሙያ እጅ ሆነው፣ እንደ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ በቀን ገደብ ቢዋሱ፣ ተጠያቂነቱ ከመምህሩ ትከሻ ወርዶ ወደ መዝገቡ ይዛወራል። የውሰት መብቱም ለመመረቂያ ሥራ ብቻ ሳይወሰን ለትርፍ ጊዜ ሙከራም መፈቀድ አለበት።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ታሪኩ በማይታወቅ መሣሪያ የተገኘ ውጤት ሊታመን ይችላልን? ተቃውሞው በከፊል ትክክል ነው። ጥናቱ የሚለካው የሰሌዳውን የኃይል ፍጆታ፣ ፍጥነት ወይም የመቆየት አቅም ከሆነ አዲስ ሰሌዳ ያስፈልጋል። ሰሌዳው የሙቀት መጠንን ከሴንሰር ተቀብሎ መመዝገብ ብቻ ከሆነ ሥራው ግን፣ የልኬቱ ታማኝነት በአብዛኛው የሚመጣው ከሴንሰሩና በአግባቡ ከመስተካከሉ ነው። እንዲያውም የጉድለት መዝገብ ያለው የተዋሰ ሰሌዳ፣ ታሪኩ ሳይታወቅ ከገበያ ከተገዛው ይልቅ የታመነ ይሆናል። ዕቃው ይሰበራል የሚለው ስጋትም እውነት ነው፤ ነገር ግን በመሳቢያ የተቀመጠውም ከጊዜ ብዛት ከንቱ ይሆናል፤ ልዩነቱ የተሰበረው ቢያንስ አንድ ሰው ማስተማሩ ነው።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ የትምህርት ክፍሎች የያዙትን ሳይቆጥሩ የሌላቸውን በውጭ ምንዛሪ ሲፈልጉ ይታያሉ። ቆጠራው በሚቀጥለው የምረቃ ወቅት ሊጀመር ይችላል። የሚያስፈልገው አንድ መዝገብ፣ አንድ ቁም ሣጥንና ቁልፉን በኃላፊነት የሚይዝ አንድ ሰው ነው።