ሐምሌ ሳይገባ ምክር ቤቱን እንሙላው

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰዎች ሆይ! ሰኔ ሲያልቅ አንዱ የበጀት ዓመት ይዘጋል፤ ሐምሌ 1 ቀን ሌላው ይከፈታል። በዚያ ሰሞን የነፋስ መውጫ፣ የአርብ ገበያ፣ የወገዳና የመካነ ኢየሱስ የወረዳ ምክር ቤቶች ተሰብስበው ሪፖርት መስማት፣ በጀት ማጽደቅ አለባቸው። የትምህርት ቤቱ ጠመኔ፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒት፣ የተበላሸው ፓምፕ መለዋወጫ፣ የአምቡላንሱ ነዳጅ የሚቆረጠው እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው። እኛ የምንሰማው ከተቆረጠ በኋላ ነው፤ ያውም ከሰማን። ዘንድሮ ከመቆረጡ በፊት እንድረስ።

የምክር ቤት ጉባኤ ገብቶ የተቀመጠ ሰው መልኩን ያውቀዋል። ከፊት ባነር ተሰቅሏል፤ መድረኩ ላይ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። ኃላፊው ይነሣና ያንን ሁሉ ገጽ በአንድ ትንፋሽ ያነበዋል፤ ዕቅድ ይህን ያህል፣ ክንውን ይህን ያህል፣ በመቶኛ ይህን ያህል። «ያጋጠሙ ችግሮች» የሚለው ክፍል ሁለት መስመር አይሞላም። «የተወሰደ መፍትሔ» የሚለው ደግሞ «በቀጣይ በትኩረት ይሠራል» ብሎ ያልፋል። አስተያየት ሰጪው መጀመሪያ ሪፖርቱን ያመሰግናል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያጠናክራል። ከዚያ እጅ ይወጣል፤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ስንት የውሃ ጉድጓድ እንደተቆፈረ ተነግሯል፤ ዛሬ ጠዋት ስንቱ ውሃ እንደሰጠ ግን ማንም አልጠየቀም። ስንት እናት የእርግዝና ክትትል እንዳደረገች ተቆጥሯል፤ ስንቷ በቃሬዛ ስትወሰድ ዳገት መሐል እንደወለደች አልተቆጠረም።

ሪፖርት እንዴት እንደሚመረመርማ ይህ አገር ለሌላው ያስተምራል እኮ! የድጓ ምስክር ቤት የሆነችው ቤተልሔም የምትገኘው ጋይንት ውስጥ ነው። ድጓ ለማስመስከር ከየአገሩ የሚመጣውን ተማሪ «ስንት ዓመት ተማርህ?» ብሎ የሚያልፈው የለም። በል አሰማ ይባላል። ምልክት ቢስት መምህሩ ያስቆመዋል፤ ተመልሶ እንደገና ያዜመዋል። ቁጥር ቆጥሮ፣ አመስግኖ፣ አጨብጭቦ መሄድ እዚያ ቤት አይታወቅም። የውሃ ጽሕፈት ቤቱስ ጉባኤ ፊት ሲቆም እንዲህ ቢባል ምን ይጎዳል? በል አሰማን፤ ይኸ ፓምፕ ከቆመ ስንት ወር ሆነው? መለዋወጫው መቼ ተጠየቀ? ማን ፈረመ? ዕቃው የት ደረሰ? ሲስት ይታረም።

ይህ እንዳይሆን ያደረገው የሰዎቹ ስንፍና ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ አወቃቀሩም አለበት። በቀበሌ ካቢኔ ውስጥ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር፣ የግብርና ባለሙያውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አብረው መቀመጣቸው የተለመደ ነው። ታዲያ ማን ማንን ይጠይቃል? ተመርማሪው ከመርማሪው ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። በዚያ ላይ በአገሪቱ የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በሚያዝያ 2005 ነው። የተሰጠው ውክልና ለአምስት ዓመት ነበር። የ2013ቱ ምርጫ የፌዴራልና የክልል ምክር ቤቶችን መረጠ እንጂ ወደ ወረዳና ቀበሌ አልወረደም። በ2005 ሚያዝያ የተወለደ ልጅ፣ ትምህርት ቤቱ ካልተዘጋበት፣ ዛሬ ሚኒስትሪ የሚፈተንበት ዕድሜ ላይ ነው። ያልተመረጠ ወንበር ለመራጭ አይሰጋም፤ የሚሰጋው ለሾመው ነው። ስለዚህ የድምፅ መስጫ ሳጥን እስኪመጣ የሚያሰጋው ነገር የእኛ መገኘት ብቻ ነው።

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይሉ ነበር አባቶች። ንጉሡ ከሄደ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ተረቱ ግን ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ገብቶ ወንበር ይዟል። ሊቀ መንበሩን መጠየቅ መንግሥትን መቃወም፣ መንግሥትን መቃወም ደግሞ ሌላ ነገር የሚመስለን ለዚህ ነው። ሕጉ እንዲያ አይልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት ሥራ ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹም ተጠያቂ እንዲሆንና ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው እንዲያነሣ ፈቅዷል። አንቀጽ 50 ሥልጣን እስከ ታችኛው እርከን ወርዶ ሕዝብ በቀጥታ እንዲሳተፍበት ያዛል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንም ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤትን መረጃ እንዲጠይቅና በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲያገኝ ደንግጓል። የወረዳ በጀት ሕዝብ በሚያየው ሰሌዳ ላይ መለጠፍም አዲስ ነገር አይደለም፤ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች ዓመታት የሠሩበት አሠራር ነው። ሰሌዳው ዛሬም አለ፤ የተለጠፈበት ወረቀት የስንት ዓመት እንደሆነ ሄዳችሁ እዩት።

እኛ ደግሞ ለዚህ ነገር አዲስ አይደለንም። ሴፍቲኔት የተባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም በ1997 ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ገብተውበታል። በዚያ ሥራ ደንቡ ምን ነበር? ማን ይታቀፍ የሚለው ስም ዝርዝር በሕዝብ ፊት ይነበባል፤ ያለ አግባብ የቀረበት ሰው ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል፤ ቅሬታው ለቀበሌ ምክር ቤት ይቀርባል። እርከን የሠራ፣ ድንጋይ የተሸከመ ገበሬ የስሙን መነበብ ቆሞ ሰምቷል፤ ያልተነበበለትም «የእኔስ?» ብሎ ተነሥቷል። አድሎ አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ዘመድ ለዘመዱ ያደላበት ቀበሌ ሞልቷል። ነገር ግን ስም በአደባባይ ሲነበብ ያደላው ሰው ጎረቤቱን ዓይኑን እያየ ማድላት ነበረበት። ያ ቀላል አይደለም። የስሙ ዝርዝር በአደባባይ ከተነበበ የመድኃኒት ግዢው ዝርዝር ለምን አይነበብም?

በዚያው በ1997 ሕንድ የመረጃ ነፃነት ሕጓን አወጣች። ሕጉን የወለደው ዴልሂ ያለ ምሁር ብቻ አልነበረም። ራጃስታን በምትባል ድርቅ በሚመታት ግዛት የሠራተኞችና የገበሬዎች ማኅበር በ1987 ዓ.ም. ኮት ኪራና በተባለ መንደር ሕዝብ ሰበሰበ። በድርቅ ጊዜ ሥራ ላይ ተሰማርተው ቀን ሙሉ አፈር የሚዝቁ ሰዎች የደመወዛቸውን መዝገብ አግኝተው ጮክ ብለው አስነበቡት። እገሌ ይህን ያህል ቀን ሠርቶ ይህን ያህል ተከፈለው ሲባል እገሌ ተነሥቶ «እኔ አልሠራሁም፣ አልተከፈለኝም» አለ። በኋላ በተደረጉ እንዲህ ዓይነት ስብሰባዎች የሞተ ሰው ስም ከተከፋዮች መካከል ሲነበብ የሰማም ነበር። ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ የሚነበበውን መስማትና የራስን ማወቅ በቃቸው። ከዚያ ከአቧራማ ሜዳ የተነሣ ጥያቄ ከአሥር ዓመት በኋላ የአንድ ትልቅ አገር ሕግ ሆነ።

አሁን ወደ ጤናው ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ሲሞከር በክልላችን ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ የዞናችን ፎገራ ነበረች። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ ጤነኛው ከፍሎ የታመመውን ያሳክማል። አሁን አንዲት እናት አስቡ። ዓመታዊ መዋጮዋን በግ ሸጣ ከፍላለች፤ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ሕፃኑን አዝላ ሦስት ሰዓት ትጓዛለች። ትመረመራለች፤ ወረቀት ይጻፍላታል፤ የመድኃኒት መስኮቱ ጋ ስትደርስ «የለም፤ ውጭ ግዢ» ትባላለች። ውጭ ያለው ፋርማሲ ደብተሯን አያውቀውም። ወይ ተበድራ ትገዛለች፣ ወይ ሕፃኑን ይዛ ትመለሳለች። በሚቀጥለው ዓመት መዋጮ ሲጠየቅ «ለምኑ?» ብትል ማን ይፈርድባታል? በሪፖርቱ ላይ ግን እሷ የተቆጠረችው አንድ ጊዜ ነው፤ «አባል ሆነች» በሚለው ረድፍ። ደብተር ይዞ መጥቶ ስንት ሰው ያለ መድኃኒት ተመለሰ የሚል ረድፍ የለም። ይህን ረድፍ እኛ እናስገባው። በየጤና ጣቢያው በር ላይ ለአንድ ወር አንድ ሰው ደብተር ይዞ ይቀመጥና «የለም» የተባለውን መድኃኒት ስም በስም ይመዝግብ። ባለሙያዎቹን ለመክሰስ አይደለም፤ አብዛኞቹ ባዶ መደርደሪያ ፊት ቆመው የሚሰደቡ ምስኪኖች ናቸው። ዝርዝሩ ለእነሱም ጋሻ ይሆናቸዋል።

«በዚህ ጊዜ?» የሚለኝ አለ። ልክ ነው። በነሐሴ 2013 በሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ተይዛ ሴቶቿ ተደፈሩ፤ ሆስፒታሏም ተዘረፈ። ያ ቁስል ሳይሽር ከሐምሌ 2015 ጀምሮ ክልሉ ሌላ ጦርነት ውስጥ ገባ። በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የክልሉ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፤ አምቡላንስ የተመታበት፣ ባለሙያ የታገተበት ቦታ አለ። ስብሰባ መጥራት ራሱ የሚያስፈራበት ቀበሌ እንዳለ አውቃለሁ፤ እዚያ ያለውን ሰው ከሩቅ ሆኜ «ተነሥ» አልለውም። ነገር ግን ሰላም እስኪመጣ እንጠብቅ ብንል ልጁን ኩፍኝ አይጠብቀውም። መሣሪያ ለያዘ ወገን ሁሉ የምንለው አንድ ነገር ይኑረን፤ ጤና ጣቢያው፣ ምንጩ፣ ትምህርት ቤቱና አምቡላንሱ የሕዝብ ናቸው፤ እጃችሁን አንሡ። ይህን በአንድ ድምፅ የሚል እድር፣ ሰንበቴ፣ የሃይማኖት አባትና የአገር ሽማግሌ በየአካባቢው አለ። አምቡላንስ ያስለቀቀ ሽማግሌ የምክር ቤትን ሥራ ሠርቷል።

ሌላው የማይመቸኝ «ሕዝቡ ገንዘብ አያውቅም» የሚል የቢሮ ወሬ ነው። በክልላችን በፊንላንድ ድጋፍ በተካሄደው የገጠር ውሃ ፕሮግራም ገንዘቡ ዛሬ ጸደይ ባንክ በሆነው በአማራ ብድርና ቁጠባ በኩል በቀጥታ ለመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ይገባ ነበር። ሲሚንቶ የገዛው፣ ግንበኛ የቀጠረው፣ ደረሰኝ የሰበሰበው ገበሬው ነው። ምንጭ አጎልብቶ፣ ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ አጥር አጥሮ ጥበቃ ቀጥሯል። ይህ ሕዝብ የሲሚንቶ ሒሳብ ካወቀ የበጀት ሒሳብ አይጠፋውም።

በሉ እንግዲህ፣ እንዴት እንደምንጀምር። በግንቦት ወር በአንዱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላም ይሁን በእድር ቀን፣ በየቀበሌው እንሰብሰብ። ነጥብ የምንሰጥበት ነገር ብዙ አይሁን፤ ሦስት ይበቃል፤ የበዛ ጥያቄ ለመሸሻ ይመቻል። ጤና፣ ውሃና ትምህርትን አንድ በአንድ አንሥተን ነጥብ እንስጥ። ፊደል ላልቆጠረ ሰው ባቄላ ይቁጠርለት፤ ጥሩ ላለው አምስት ፍሬ፣ ለማይረባው አንድ። ሴቶች ለብቻቸው ይስጡ፤ ውሃ የሚቀዱት እነሱ ስለሆኑ የእነሱ ባቄላና የእኛ ባቄላ ሲለያይ ታያላችሁ። ወጣቶችም እንዲሁ። ከዚያ የጤና ጣቢያ ኃላፊውና ርዕሰ መምህሩ ተጠርተው ለራሳቸው ሥራ ነጥብ ይስጡ፤ ሁለቱ ነጥብ ጎን ለጎን ይቀመጥ። ይህ አሠራር በማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም በአገሪቱ ብዙ ወረዳዎች ተሞክሯል፤ ጣቱን መጀመሪያ ወደ ወረዳው የሚቀስረውም ባለሙያው ራሱ ሊሆን ይችላል።

አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳርና ጎንደር ያላችሁ፣ ባሕር ማዶም የተሻገራችሁ፤ ለትምህርት ቤት ጣሪያ ገንዘብ ስትልኩ ኖራችኋል፤ ለአማራ ልማት ማኅበርም (አልማ) አዋጥታችኋል። እግዜር ይስጥልን። ዘንድሮ ከገንዘቡ ጋር ጥያቄ ላኩ። በጀቱን ማንበብ የሚያውቅ የሒሳብ ባለሙያ፣ ደብዳቤ የሚያረቅ የሕግ ሰው ከእናንተ መሐል አይጠፋም። በስልክ ሁለት ሰዓት ለአንድ ቀበሌ ኮሚቴ መስጠት ከአንድ ቆርቆሮ ይበልጣል። እዚያው ወረዳ ውስጥ ያላችሁ መምህራንና ጡረተኞችም አትደበቁ፤ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል።

ነጥቡ ከተሰጠ በኋላ ደብዳቤ ለወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ይጻፍ። የጉባኤው ቀን አስቀድሞ ለሕዝብ ይነገር፤ የዓመቱ በጀትና ወጪ በሰሌዳ ይለጠፍ፤ የማኅበራዊ ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴው በስም የጠቀስነውን ጤና ጣቢያ ሳያስጠነቅቅ ሄዶ ይይ፤ ከቀበሌ ለሚመጡ ታዛቢዎች ወንበርና የጥያቄ ጊዜ ይሰጥ። መዝገብ ቤት ገቢ ይሁን፤ ቁጥርና ቀን የተመታበት ግልባጭ ሳትይዙ አትውጡ። «ነገ ና» ካሉ በነገው ሂዱ፤ ሁለትም ሦስትም ሆናችሁ ሂዱ። በ30 ቀን መልስ ከሌለ ግልባጩ ባሕር ዳር ለሚገኘው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ቅርንጫፍ ይላክ።

መልሱ ሲመጣ ነጥቡ በተሰጠበት ቦታ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት ይነበብ። አልመለሱም ከሆነም «አልመለሱም» ተብሎ ይነበብ፤ በዚያው ቀን ሁለተኛው ደብዳቤ ይፈረም። እሱ የሚሄደው ደብረ ታቦር፣ ለዞኑ ነው።