ውሃ መሰናክል አይደለም

ስለ ሩጫ ማንም አያስተምረንም። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኅዳር በመጣ ቁጥር የታላቁን ሩጫ ቲሸርት ለብሰን መንገዱን የምንሞላ የከተማ ልጆች ነን። ስለዚህ አንድ የእኛ ቢጤ ጭቃ ውስጥ የሚዳሁ፣ ግድግዳ የሚወጡ፣ በገመድ የሚንጠላጠሉና መጨረሻ ላይ ሐይቅ የሚሻገሩ ሯጮችን በስልኩ ሲያይ «ይቺማ ለእኛ ምን አላት!» ቢል አይገርምም። ግድግዳው ላይ እንስማማለን። ሐይቁ ላይ ግን ቆም እንበል።

እንዲህ ያለው ውድድር ፋሽን የሆነው በቅርቡ ነው። ስፓርታን ሬስና ተፍ መደር የተባሉት ሁለቱ ታዋቂዎች የተጀመሩት አሜሪካ ውስጥ በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ነገሩ ኦሎምፒክ ደጃፍ ደርሷል። ከፓሪስ 2024 በኋላ ከዘመናዊ ፔንታትሎን ፈረስ ግልቢያ ወጥቶ በቦታው የመሰናክል ሩጫ ገብቷል። መልካም ነው። እኛ የማንስማማው ውሃን ከገመድና ከግድግዳ ጋር በአንድ ዝርዝር ውስጥ ደርድሮ «መሰናክል ቁጥር 14» ብሎ መጥራቱ ላይ ነው።

ምክንያቱም ግድግዳ ቢያቅታችሁ ትወድቃላችሁ፣ ጓደኞቻችሁ ይስቃሉ፣ አቧራችሁን አራግፋችሁ በጎን ታልፋላችሁ። ውሃ መሀል ደርሶ «አልቻልኩም» ማለት ግን የለም። አበው ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ያሉት ለተረት ማሳመሪያ አይደለም። በሚያዝያ 2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ዌስት ቨርጂኒያ በተካሄደ አንድ የተፍ መደር ውድድር ላይ አንድ ወጣት ከመድረክ ላይ ወደ ደፈረሰ ውሃ ዘለለ። ከባልደረቦቹ ጋር ለመዝናናት የመጣ ሰው ነበር። ሳይወጣ ቀረ፤ ካወጡትም በኋላ ሊተርፍ አልቻለም። የሞተበት ቦታ በዝርዝሩ ላይ ሲታይ ቀላል የሚመስል አንድ ዝላይ ነው።

«እኛ እኮ አትሌቶች ነን» የሚል ካለ፣ እውነቱን እንነጋገር። ኢትዮጵያ በመሰናክልም በውሃም የዓለም ክብረ ወሰን አላት፤ ለሜቻ ግርማ በ2023 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ 3,000 ሜትር መሰናክልን በ7 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ከ11 ሲጨርስ ሰባት ጊዜ ውሃ ዘሏል። ነገር ግን ያ ውሃ ወገብ አይደርስም። ወደ ጥልቁ ስንሄድ ታሪካችን ሌላ ነው። በሪዮ 2016 ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ከ59 ተወዳዳሪዎች 59ኛ ወጣ፣ ዓለምም ሳቀበት። የእሱ ሰዓት 1 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ከ95 ነው። ከሳቁት ውስጥ ሰዓቱ ይቅርና መቶውን ሜትር ሳያቋርጥ የሚጨርስ ስንት ነበር? የሀገሩ ልጆች የሆንነውስ ስንቶቻችን እንጨርሳለን?

የሩጫ ጉልበት ውሃ ውስጥ ያን ያህል አይረዳም። እንዲያውም ስብ የሌለው ቀጭን ሰውነት ይበልጥ ይሰምጣል፤ ውሃ የጠጣ ጫማና ሱሪ ደግሞ ይጎትታል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት የገባ ሰው ሳይፈልግ በኃይል ትንፋሽ ይስባል። አፉ በዚያች ቅጽበት ከውሃ በታች ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። የሚሰጥም ሰው እንደ ፊልሙ «አድኑኝ!» እያለ አይጮህም፤ ለመጮህ የሚሆን አየር የለውም። ሁለት ሜትር ርቀት ላይ እየተሳሳቁ የሚቀዝፉ ጓደኞቹ ላያውቁ ይችላሉ።

ሐይቆቻችንም የሆቴል ገንዳ አይደሉም። የቢሾፍቱ ሐይቅ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል፣ ከዳር ጥቂት እንደራቁ መሬቱ ከእግር ስር ይጠፋል። ላንጋኖ ቡናማ ነው፤ የሰጠመ ሰው ከላይ አይታይም። ጣና ጉማሬ አለው።

ዋና አለመቻላችን ስንፍና ነው እንዳትሉን። አዲስ አበባ ላይ ገንዳ ማለት በአብዛኛው ሆቴል ማለት ነው፣ ሆቴል ማለት ደግሞ ገንዘብ ነው። ወንዶቹ ቢያንስ ክረምት ላይ ከቤት ተደብቀው ወንዝ ይወርዳሉ፤ ከነአደጋውም ቢሆን ይማራሉ። እኛ ሴቶቹ ግን ወንዝ መውረድ ነውር ነው ተብለን፣ ገንዳም ስንሄድ በዋና ልብሳችን ዓይን ሲበላን አድገናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ወደ 300,000 የሚጠጋ ሰው ሰጥሞ ሞቷል፤ ግማሽ ያህሉ ዕድሜው ከ29 በታች ነው። እንግዲህ ዋና የቱሪስት ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ እንደ ማንበብና መጻፍ ትምህርት ቤት መግባት ያለበት ጉዳይ ነው።

ውድድሩ ይቅር እያልን አይደለም። ውሃን የሚያውቁ ሰዎች እንዴት እንደሚያዘጋጁት ማየት ነው። ስዊድን ውስጥ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄድ ኦቲሎ የሚባል ውድድር አለ፤ ትርጉሙ «ከደሴት ወደ ደሴት» ነው። 75 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጡና እየዋኙ የሚያልፉት ሁለት ሁለት ሆነው ነው፤ ጥንዶቹ ተራርቀው መሄድ አይፈቀድላቸውም። ብቻውን ውሃ የሚገባ የለም ማለት ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አዘጋጁን አፍጥጣችሁ ጠይቁ። ዋና መቻላችንን ማን ይፈትናል? ጀልባና የሠለጠነ ዋናተኛ ስንት አለ? ውሃ የገባውንና የወጣውን ሰው ማን ይቆጥራል? ውሃውን ትቶ ተጨማሪ ኪሎ ሜትር መሮጥ ይቻላል? መልሱ «አይዟችሁ፣ ምንም አይል» ከሆነ ገንዘባችሁን በኪሳችሁ ያዙ። መልሱ ጥሩ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ገንዳ ግቡ። ከፍጥነት በፊት በጀርባ መንሳፈፍን ተማሩ፤ ደክሟችሁ ትንፋሽ ሲያጥራችሁ የምታርፉት በእሱ ነው።

ጓደኛችሁ ሐይቁ ዳር ቆሞ «እኔ በዚህ በኩል ልዙር» ካለ አትሳቁበት፣ አትግፉት። ከመካከላችሁ መሰናክሉ የትኛው እንደሆነ የገባው እሱ ነው።