ጣራ ላይ የሚያነጋው እጮኛ

«እጮኛዬ ጣራው ላይ ክዳኑ የሚከፈት የቆርቆሮ ክፍል ሠርቶ፣ ‹ሰማይ ፎቶ አነሳለሁ› እያለ ያነጋል። ለሠርግ ያጠራቀምነውም ብር ቴሌስኮፕ ሆኗል። ሌላ ሴት ይዞ ይሆን?» ስትል አንዲት እህት ጽፋልኛለች።

መቼም እኔም ጠርጥሬ ነበር። ጠያይቄ ስሰማ ግን፣ ለካ ነገሩ እውነትም ሌሊት ይፈጃል! ኦሪዮን ከሚባሉት ከዋክብት መሀል ያለው የጋዝ ደመና ብርሃኑ እኛ ጋ ሲደርስ 1300 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ዳር ዳሩ ደብዛዛ ስለሆነ አንዴ ቀጭ አድርጎ መግባት የለም። ምድር ስለምትዞር ሞተር ካሜራውን ቀስ እያለ ያዞረዋል፤ ብዙ ፎቶ ተነስቶም በኮምፒዩተር ይደራረባል።

እህቴ፣ አንቺ ጨረቃዋን ተመልከቺ። ሙሉ ስትሆን ደብዛዛው ሁሉ በብርሃኗ ይዋጣል። ያን ሌሊትም «ደመናዬን እያነሳሁ ነው» ካለሽ፣ ጋቢሽን ደርበሽ ውጪና እዪው! በብሩ ጉዳይ ግን አላግዘውም፤ ሳያማክርሽ መግዛቱ ጥፋት ነው። ፊት ለፊት ጠይቂውና ያለሽን ጻፊልኝ።