ለካሳ የማይበቃ የሐኪም ወረቀት

አሶሳ ውስጥ ባጃጅ ተገልብጦበት እግሩ የተሰበረ ሰው ሆስፒታል ሲደርስ፣ የቤተሰቡ ጭንቀት ስለ ሕይወቱ ነው። በዚያ ሰዓት ካሳን የሚያነሳ የለም፤ ሊነሳም አይገባም። ፖሊስ በደብዳቤ የሕክምና ማስረጃ ይጠይቃል፣ ሐኪሙ ጥቂት መስመር ጽፎ ይፈርማል፣ ማኅተም ያርፍበታል። ከዓመት በኋላ ጉዳተኛው በክራንች ተደግፎ ለካሳ ፍርድ ቤት ሲቆም በእጁ ያለችው ያችው ወረቀት ናት። በክልላችን ብዙ የካሳ ጥያቄ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወረቀቷ የምትጻፈው ለወንጀል ክስ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከባድና ቀላል የአካል ጉዳትን በተለያየ አንቀጽ ስለሚቀጣ፣ መርማሪው የሚፈልገው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው። የካሳ ዳኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ይህ ሰው ከመሥራት ችሎታው ስንት በመቶውን አጣ? ጉዳቱ ይድናል ወይስ ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል? ወደፊት ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል? “ቀኝ እግሩ ላይ ስብራት ደርሷል” የሚል ማስረጃ ለአንዱም መልስ የለውም።

በደመወዝ የሚሠራ ሰው በሥራ ላይ ሲጎዳ ነገሩ ይሻላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአካል ጉዳቱን መጠን የሕክምና ቦርድ ይወስንለታል፤ ካሳውም በዚያ ላይ ተመሥርቶ ይሰላል። ወደ ሸርቆሌ ሲጓዝ መኪና የገጨው ወርቅ ቆፋሪ ግን አሠሪም የደመወዝ ወረቀትም የለው። አንድ ቀን ወርቅ ያገኛል፣ ሳምንቱን ሙሉ ባዶ እጁን ይመለሳል። ጀርባው ከተጎዳ መቆፈሪያ ማንሳት አይችልም። ይህን በመቶኛ የሚጽፍለት ማነው? ቦርድ ፊት እንዲቀርብ ካልተጠየቀለት ማንም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ሰው ደካማ አልነበረም። በአንቀጽ 2081 የመኪናው ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። አንቀጽ 2092 ገና ያልደረሰ፣ መድረሱ ግን የተረጋገጠ ጉዳት ከወዲሁ እንዲካስ ይፈቅዳል። የጉዳቱ ልክ በትክክል ሊታወቅ ካልቻለ ዳኛው በአንቀጽ 2102 በርትዕ ይቆርጣል። ነገር ግን ዳኛ በርትዕ ሲቆርጥም መነሻ ይፈልጋል፤ መዝገቡ ውስጥ ያለው ባለ ሦስት መስመር ወረቀት ከሆነ የሚቆረጠውም ያንኑ ያህል ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ሕጉ ራሱ በድሏል። አንቀጽ 2116 ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይከለክላል። ያን ጊዜ ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ አንድ ታካሚና አንድ አስታማሚ ለሪፈር ከአሶሳ አዲስ አበባ አድርሶ አይመልስም። የሦስተኛ ወገን መድን ጣሪያ ከፍ ሲደረግ ይህ ቁጥር እንዳለ መቅረቱ ያሳዝነኛል፤ ማሻሻሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የችኮላ ዕርቅ ነው። ሽምግልናችን ደም የሚያደርቅ፣ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያኗኑር ነው፤ ሽምግልናው ይቅር የምል ሰው አይደለሁም። ሆኖም ጉዳተኛው ገና አልጋ ላይ ሳለ፣ ሹፌሩ ከእስር እንዲወጣ ተብሎ “ከእንግዲህ አልጠይቅም” የሚል ወረቀት ይፈረማል። በአንቀጽ 3312 እንዲህ ያለ ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ከስድስት ወር በኋላ አጥንቱ አለመግጠሙ ሲታወቅ የሚመለስበት በር ጠባብ ነው። ሽማግሌዎቻችን ዕርቁን ዛሬ አውርደው፣ የካሳውን ልክ ግን ሐኪሙ የመጨረሻ ቃሉን እስኪሰጥ ቢያቆዩት ምን ይጎድላል?

ሐኪሞችን መውቀስ አልፈልግም። ሰልፉ በር ላይ ቆሞ ረጅም ማስረጃ ጻፍ ማለት ከባድ ነው። ፍርድ ቤት ለምስክርነት ሲጠራውም ሐኪሙ ወደ ሌላ ክልል ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ ራሱ መናገር አለበት። የክልሉ ጤና ቢሮ፣ ፍትሕ ቢሮና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተቀምጠው ለካሳ የሚሆን አንድ ቅጽ ያዘጋጁ፦ የጉዳቱ ዓይነት፣ ያጣው የመሥራት ችሎታ፣ ቀሪ ሕክምና፣ ዳግም የሚመረመርበት ቀን። ብዙ በጀት አይጠይቅም።

እስከዚያው ግን የተጎዳችሁ ወይም የምታስታምሙ ወገኖቼ፣ የካርድ ቁጥራችሁን፣ የራጅ ፊልሙን፣ የመድኃኒትና የትራንስፖርት ደረሰኙን አትጣሉ። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ተመልሳችሁ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ አጽፉ። ገጭቶ ያመለጠ መኪና ከሆነ ለዚህ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለና ጠይቁ። ሹፌሩ በወንጀል ነጻ ቢወጣም የካሳ ክሳችሁ አይዘጋም፤ አንቀጽ 2149 ይጠብቃችኋል። የካሳ ክስ ግን በመርሕ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።