የተሰረቀ የገና ቲያትር

ወጣቶች፣ እስቲ ዛሬ በግልጽ እንነጋገር። እዚህ አሜሪካ ካላችሁ ኅብረቶች መካከል የገናን ሙዚቃዊ ቲያትር ከቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አውጥታችሁ በሰፈሩ የማኅበረሰብ ቲያትር ቤት ለማቅረብ የምታስቡ አላችሁ። አሳቡ መልካም ነው። እዚያ መጋረጃ አለ፣ መብራት አለ። ወንበሩ ደረጃ በደረጃ ስለተሠራ ከኋላ የተቀመጡት እማማ የልጅ ልጃቸውን ፊት ያያሉ፤ ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚቀርጽ አባት አይጋርዳቸውም። ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት የሚያመነታ ጎረቤትም ወደ ቲያትር ቤት ሲጋበዝ ይመጣል። እኔ የምሟገታችሁ ስለ አዳራሹ አይደለም። ስክሪፕቱን ከየት አመጣችሁት?

አካሄዱን ታውቁታላችሁ። አንዱ የታወቀ ቲያትር ጽሑፍ ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ ሌላው ሙዚቃውን ከዩቲዩብ ይቀዳል፤ አንዷ ግጥሙን ወደ አማርኛ ትመልሳለች። መናፍስቱ “ለእኛ አይመቹም” ተብለው ይወጣሉ፤ በምትካቸው አጭር ስብከት ይገባል። ይጨበጨባል፣ ቪዲዮው ይለጠፋል። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ደራሲውን የጠየቀ የለም። ይህ ስርቆት ነው፤ ለስለስ ያለ ስም አልሰጠውም።

“ለጌታ ክብር ነው፤ ደግሞ ቲኬት አንሸጥም” የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። መግቢያው ነጻ መሆኑ ፈቃድ ከመጠየቅ አያድንም። የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ለአምልኮ የተወው ቦታ አለ፤ በማምለኪያ ስፍራ፣ በአምልኮው ሰዓት የሚዘመረውን መዝሙር አይነካም። እናንተ ግን ከዚያ ወጥታችሁ አዳራሽ ተከራይታችሁ፣ መድረክ ገንብታችሁ ቲያትር እያቀረባችሁ ነው። ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ ጳውሎስ ስለ ሠራተኛ ደመወዝ ለጢሞቴዎስ የጻፈውን ስንት ጊዜ አጥንተነዋል? ያ ቃል ለሰባኪ ብቻ የሚሠራ፣ ለዜማ ደራሲ የማይሠራ ነውን?

የቲያትር ቤቱን ሰዎች ደግሞ ተመልከቱ። የማኅበረሰብ ቲያትር የሚባለው በአመዛኙ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ነው። ቀን መምህርና ነርስ የሆኑ ሰዎች ማታ ልምምድ ይመጣሉ፤ ቅዳሜ ጣውላ ይቆርጣሉ፣ ልብስ ይሰፋሉ። ገንዘብ የላቸውም፤ ሆኖም አንድ ሙዚቃዊ ቲያትር ለማቅረብ ሲነሡ የአቀራረብ ፈቃዱን ሳይይዙ ወደ ልምምድ አይገቡም። ፈቃድ ሰጪው ድርጅት ዋጋውን የሚተምነው የአዳራሹን ወንበር፣ የቲኬቱን ዋጋና ትርኢቱ ስንት ጊዜ እንደሚቀርብ አይቶ ነው። ስክሪፕቱና ኖታው ብዙውን ጊዜ በኪራይ ይመጣል፤ ተዋናዩ በእርሳስ ብቻ ይጽፍበታል፣ ትርኢቱ ሲያልቅ ላጲስ ይዘው ተቀምጠው እያጠፉ ይመልሱታል። ያለ ፈቃድ ትዕይንት አይቆርጡም፣ ቃል አይለውጡም፣ ቀርጸው አይለጥፉም። ታዲያ በእነዚህ ሰዎች መድረክ ላይ ያልተከፈለበትን ቲያትር ይዛችሁ ልትወጡ ነው? በመጨረሻው ትዕይንት ላይ ስለ ጽድቅ ልትሰብኩአቸውም አስባችኋል።

ብዙዎቻችሁ የምትመርጡት “ኤ ክሪስማስ ካሮል”ን ነው፤ ስለዚህ የመጽሐፉን ታሪክ ብታውቁት ይጠቅማል። ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 19 ቀን 1843 በለንደን አሳተመው፤ የመጀመሪያው እትም 6,000 ቅጂ ገና ሳይደርስ አለቀ። በጃንዋሪ 1844 አንድ አሳታሚ ታሪኩን አሳጥሮ በርካሽ አወጣው። ዲከንስ ከሰሰ፣ ረታም፤ የተረቱት ግን ከሰርን ብለው ስለተገላገሉ 700 ፓውንድ ያህል የሙግት ወጪ በእሱ ላይ ቀረ። ወዲያው ደግሞ የቲያትር ቤቶቹ ሽሚያ ተከተለ፤ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1844 በአንድ ምሽት ብቻ ሦስት ቲያትር ቤቶች ታሪኩን በመድረክ ከፈቱ። የዘመኑ የእንግሊዝ ሕግ ልብ ወለድን ወደ ቲያትር መለወጥን አይከለክልም ነበርና ደራሲው ሊያስቆማቸው አይችልም ነበር። የስክሩጅን ስስት በመድረክ የሚያወግዝ ታሪክ ለገንዘብ ሲባል እንዲህ ተቀራመቱት። እናንተስ ከማን ወገን ናችሁ?

ዲከንስ በ1870 ሞቷል፤ መጽሐፉ ዛሬ የማንም ንብረት አይደለም። የምትዘፍኑት ዘፈን ግን የዲከንስ አይደለም። የአለን መንከንና የሊን አረንስ ሙዚቃዊ ቲያትር በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የተከፈተው በ1994 ነው፤ ባለቤት አለው። አሮጌ ታሪክ ስለሆነ ዜማውም ነጻ ነው ማለት አይቻልም። ወደ አማርኛ መመለስም ራሱን የቻለ ፈቃድ ይጠይቃል፤ “እኛ ተረጎምነው እንጂ አልቀዳነውም” የሚለው መከራከሪያ አያዋጣም። አገር ቤት ያላችሁም አትሳቁብን፤ የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የጥቅም መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል።

እንግዲህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መክፈል ነው። ከከፈላችሁ ደግሞ ሥራውን እንዳለ አቅርቡት፤ መናፍስቱ ካስፈሯችሁ ሌላ ቲያትር ምረጡ። ሁለተኛውን መንገድ ግን እኔ አጥብቄ እመርጠዋለሁ፤ ራሳችሁ ጻፉ።

“ለቤተሰብ” የሚል ቃል በፖስተራችሁ ላይ ትጽፋላችሁ። የእኛ ቤተሰብ ማን ነው? እማማ እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ የስምንት ዓመቷ ልጅ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትመልስም፤ አባት በሁለት ሥራ ደክሞ በሁለተኛው ዘፈን ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። እነዚህን ሦስት ሰዎች አንድ ላይ የሚያስቅ ቲያትር በኒው ዮርክ ማንም አልጻፈላችሁም፤ ሊጽፍላችሁም አይችልም። አያት በአማርኛ ስትናገር የልጅ ልጅ በእንግሊዝኛ የምትመልስበት፣ ተመልካቹ ግማሹ ቀድሞ ግማሹ ዘግይቶ የሚስቅበት ትዕይንት የምታውቁት የቤታችሁ ኑሮ ነው። ስክሩጅን ከፈለጋችሁ ውሰዱት፤ ነጻ ነው። የገና ዕለት ሠራተኛውን የማያሰናብት ባለ ሱቅ አድርጉት። ዜማም አለላችሁ። በ1818 ገና ዋዜማ በኦስትሪያ ኦበርንዶርፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘመረው “ጸጥተኛ ሌሊት” ነጻ ነው፤ አይዛክ ዋትስ በ1719 ያሳተመው “ደስታ ለዓለም”ም እንዲሁ። በአሜሪካ ከ1930 በፊት የታተመ መዝሙር በጠቅላላው ለሁሉም ክፍት ነው፤ አዲስ ቅንብሩ ግን የአቀናባሪው ነውና የራሳችሁን አዘጋጁ። የምትወዱት “ሜሪ ዲድ ዩ ኖው” ግጥሙ በ1984 የተጻፈ ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይነካም።

“ጸሐፊ የለንም” አትበሉኝ። ለእንዲህ ዓይነት መጽሔት ግጥም የምትልኩት እናንተው አይደላችሁም? (አንዳንዱ ግጥም ረጅም ነው፤ መነባንብ ሊሆን የፈለገ ይመስላል።) አምሳ ደቂቃ ይበቃል። ስድስት ዘፈን፣ አራት ትዕይንት፣ አንድ በር ያለው ግድግዳ። የሕፃናቱ ክፍል ከአሥር ደቂቃ አይብለጥ፤ እናቶች ቢቆጡም አትራዘሙ። ፒያኖ የሚጫወት አንድ ልጅ ከተቀዳ ሙዚቃ ይሻላችኋል፤ ትንሿ ዘማሪ መስመሯን ስትረሳ ፒያኖው ይጠብቃታል፣ የተቀዳው አይጠብቃትም።

ስክሪፕቱን እስከ ነሐሴ ጨርሱ፤ ከመስከረም ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን ተለማመዱ። አዳራሹን ስትጠይቁ ዲሴምበርን ሁሉም እንደሚሻማበት አስቡ። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7 ነው፤ የዚያን ሰሞን ቅዳሜ ጠይቁ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስትጽፉም “ሥራው የራሳችን ነው” የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከላይ አስፍሩት፤ የቲያትር ቤቱ ኃላፊ ቀድሞ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።