ኒው ካሌዶኒያ፦ የመራጮች መዝገብ እና የቦዬ ማሳ

በፓስፊክ ውቅያኖስ የምትገኘው የፈረንሳይ ግዛት ኒው ካሌዶኒያ እ.ኤ.አ ጁላይ 7 ቀን 2024 ለፓሪሱ ብሔራዊ ምክር ቤት ሁለት እንደራሴዎችን መረጠች። አንደኛው ወንበር ከፈረንሳይ ጋር መቆየትን ለሚደግፉት ኒኮላ ሜትዝዶርፍ፣ ሁለተኛው ለነጻነት አቀንቃኙ ካናክ ኢማኑኤል ቺባው ደረሰ። ከ1986 ወዲህ የነጻነት ደጋፊ ካናክ ወደዚያ ምክር ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ነው።

አንድ ለአንድ መውጣቱ ግን ያታልላል። የሁለቱ ምርጫ ክልሎች ድምፅ ሲደመር የነጻነት ወገን ብልጫ ነበረው። ዋና ከተማዋ ኑሜያ ከሎያልቲ ደሴቶች ጋር በአንድ ክልል በመካተቷ የደሴቶቹ ድምፅ በከተማው ብዛት ይዋጣል።

ይህ ውጤት የተገኘው በግዛቲቱ የተመዘገበ ፈረንሳዊ ዜጋ ሁሉ በሚመርጥበት ምርጫ ነው። የአውራጃ ምክር ቤቶች ምርጫ የተለየ ነው፤ በ1998ቱ የኑሜያ ስምምነት መሠረት ከዚያ በኋላ የመጡ ሰዎች አይመርጡም። የፓሪሱ ምክር ቤት በሜይ 2024 መዝገቡን አሥር ዓመት ለኖረ ሁሉ ለመክፈት በ351 ድጋፍ እና በ153 ተቃውሞ ወሰነ። በተቀሰቀሰው ሁከት 14 ሰዎች ሞቱ፤ ማሻሻያውም ተተወ። የአውራጃዎቹ ምርጫ ሦስት ጊዜ ተራዝሞ ወደ 2026 ተሻገረ።

ስለ መዝገብ ይህን ያህል ደም የፈሰሰበት ምክንያት ከመሬት ታሪክ ውጭ አይገባም። ፈረንሳይ ደሴቲቱን በ1853 ከያዘች በኋላ ለም መሬቱን ለሰፋሪዎች አደለች። የሰፋሪዎቹ ከብቶች የካናኮችን ማሳ እየገቡ ቦዬውንና ጎደሬውን ያወድሙ ነበር። (ሁለቱን ሰብሎች የደቡብ ኢትዮጵያ ገበሬም በጓሮው ያውቃቸዋል፤ ለካናክ ግን ቦዬ ከምግብነት አልፎ የዓመቱ ሥራና ሥርዓት የሚቆጠርበት ነው።) በ1878 አለቃ አታይ የመሩት አመፅ ከዚህ ተነሣ፤ ከከሸፈም በኋላ ካናኮች ይበልጥ ወደ ተከለለ ጠባብ ቦታ ተገፉ። እስከ 1946 በልዩ ሕግ ሲገዙ ኖረው፣ ሁሉም መምረጥ የጀመሩት በ1957 ነው። በ2019ኙ ቆጠራ የሕዝቡ 41 በመቶ ናቸው። በአገራቸው አናሳ ለሆኑ ሰዎች መዝገቡን መክፈት አጥሩን እንደገና መግፋት መስሎ ቢታያቸው አያስገርምም።

ተቃራኒው ክርክርም ቀላል አይደለም፤ በደሴቲቱ የተወለደ ወጣት ወላጆቹ ዘግይተው በመምጣታቸው አውራጃውን የሚያስተዳድረውን መምረጥ አይችልም። ጥያቄው ተገቢ ሆኖ ሳለ፣ ስህተቱ ፓሪስ መልሱን ብቻዋን መስጠቷ ነው። በ2021 ካናኮች በወረርሽኙ ሐዘን ምክንያት ሕዝበ ውሳኔው እንዲዘገይ ቢለምኑም ተካሄደ፤ ነጻነትን 96.5 በመቶ ቢቃወምም ድምፅ የሰጠው ከመራጩ ከግማሽ በታች ነበር። የ1988 እና የ1998 ስምምነቶች ለዓመታት የጸኑት ሁለቱም ወገኖች ስለፈረሙባቸው ነው። በጁላይ 2025 በቡዢቫል የተደረሰውን ስምምነት ግን ዋናው የነጻነት ግንባር በወሩ ውድቅ አድርጎታል።